ስኳር ያለበት

ቅዳሜ ጠዋት የፉአቲኖ ሱቅ በረንዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በሳሌታሙ መንደር ሱቁ አንድ ነው፤ ዱቄት የፈለገም፣ ላምባ የፈለገም፣ ወሬ የፈለገም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ፊሌሙ ግን የዚያን ቀን የሄደችው ለእርሾ ብቻ ነበር።

«እርሾ ብቻ?» አለች ባለሱቋ ፉአቲኖ፣ ክንዷን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ። «ስኳርስ?»

«ስኳር አለኝ፣ እትዬ ፉአቲኖ።»

«ባለፈው ሳምንትም አለኝ ብለሽኛል። ከዚያ በፊትም። ያንቺ ስኳር ይወልዳል እንዴ፣ ልጄ? ከወለደ አንድ ግልገል ለእኔም አትንፈጊኝ።»

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ፊሌሙም ሳቀች፤ ነገር ግን ሳቋ ትንሽ ዘግይቶ መጣ፤ ፉአቲኖ ደግሞ የዘገየ ሳቅ የማያመልጣት ሴት ነበረች።

«ቆይ እስቲ፣» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ፤ «የፓስተሩን ቤት ዳቦ የምትጋግሩት እናንተ አይደላችሁም? እናትሽ ከዚህ ስኳር በከረጢት ነበር የምትሸከመው። አንቺ ስኳር ከገዛሽኝ ወር አለፈሽ። ታዲያ የእግዚአብሔርን አገልጋይ ዳቦ በምንሽ ነው የምታጣፍጪው? በምላስሽ?»

ፊሌሙ እርሾዋን አንሥታ ወጣች። መልስ አጥታ አልነበረም። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የዋጠችው የእርሷ ስላልሆነ ነው። ከጀርባዋ ሳቁ ወደ ሹክሹክታ ሲለወጥ ሰማች፤ እስከ ቤቷ ድረስም ጀርባዋን እንደ ፀሐይ እየፈጃት ተከተላት።

ፊሌሙና እናቷ ሞኤላንጊ የሚኖሩት መንደሩ አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት ጫፍ ነው። ሞኤላንጊ ከሌላ ደሴት በትዳር የመጣች፣ ባሏ ሲሞት መሬትም ማዕረግም ያልቀረላት ሴት ናት። የቀረላት እጇ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የእሑዱን ዳቦ ለፓስተሩ ቤት ጋግራለች። ዳቦው ድቡልቡል እየሆነ ትሪ ላይ ይደረደርና፣ ስኳር የሟሟበት የኮኮናት ወተት ፈስሶበት፣ ከበርሜል በተቆረጠው ምድጃ ይበስላል። ለፓስተሩ የሚቀርብ ሁሉ ከሁሉ የጣፈጠ፣ ከሁሉ የወዛ መሆን አለበት፤ እዚያ ላይ የሚቆጥብ እጅ ከሌባ እጅ ብዙም አይለይም። ባለፈው ዓመት የሞኤላንጊ ጣቶች በቁርጥማት ሲኮማተሩ፣ ሊጡ ወደ ልጇ አለፈ። ክብሩም አብሮ አለፈ።

ላፋኤሌ የፓስተሩ ልጅ ነው። ከባሕሩ ማዶ ባለው አፒያ ከተማ ተምሮ እዚያው መምህር ከሆነ በኋላ፣ ለእሑድ ወደ ቤቱ በተሻገረ ቁጥር ዳቦውን ሊወስድ ራሱ መምጣት ጀመረ። በቤቱ የሚላክ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። አንድ ትሪ መቀበል ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ ግማሽ ሰዓቱ አልበቃ ሲለው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ በአፒያ ገበያ ስላየው፣ የእርሷን ስለሚመስል አንገት ይጽፍላታል። ፊሌሙ ሁሉንም ታስቀምጣቸዋለች። ከሁሉ ግን በቃሏ የያዘችው ከሁለት ወር በፊት ትሪውን ሲቀበል በገዛ እጁ ያቀበላትን ነው።

«አባቴ እግሩ አይሰማውም። ባለፈው ሚስማር ረግጦ፣ መርገጡን ያወቅነው ደሙን ሰሌኑ ላይ ስናይ ነው። ሐኪሙ ስኳር አለበት ብሏል። እናቴ ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። ምእመናኑ በሽተኛ ፓስተር አያቆዩም፤ ቤቱም የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በስተርጅና የት እንገባለን ትላለች። መሐላዬን ያፈረስኩት ላንቺ ብቻ ነው። ብቻዬን መሸከም አቃተኝ፣ ፊሌሙ።»

ፊሌሙ ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልጻፈችም። ደብዳቤ እስከ ጀልባው ድረስ በአውቶቡስ ነጂ እጅ ነው የሚሄደው፤ የነጂው ዐይን ደግሞ እጁን ይቀድማል። በምትኩ ማንኪያዋን አነሣች። የእናቷ ልክ ለአንድ ትሪ ሃያ ማንኪያ ስኳር ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ቀነሰች። በሁለተኛው ሁለት። ምላስ እንደ ሕፃን ነው፤ በአንድ ጊዜ ከነጠቁት ይጮሃል፣ ቀስ እያሉ ካስረሱት ይረሳል ብላ አሰበች። ከነጩ ዱቄት በየሳምንቱ አንድ ኩባያ እያጎደለች፣ በፀሐይ ደርቆ የተፈጨ፣ የዳቦ ዛፍ የሚሉት ዛፍ ፍሬ ዱቄት ተካችበት። ለጣዕሙ በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፈለቀችበት። ወፍራሙን የኮኮናት ወተት አቀጠነችው፤ ዳቦውን ራሱን ከቡጢ ወደ ዕንቁላል ልክ አወረደችው። ሁለት ጊዜ ኩፍ አልል ብሏት ለጎረቤት ዐሣማ ሰጥታለች፤ በጠዋት ተነሥታ እንደገና ጋግራለች። በስምንተኛው ቅዳሜ ሃያው ማንኪያ አራት ሆነ። እሑድ እሑድም ከፓስተሩ ቤት ባዶ ትሪ ሲመለስ፣ ከትሪው ጋር ምስጋናው ይመለስ ነበር። እንዲያ በሆነ ቁጥር ደረቷ ውስጥ የሚሞላውን ነገር ለማንም ማሳየት አለመቻሏ ብቻ ነበር የሚከብዳት።

ሰኞ ዕለት የፓስተሩ ባለቤት ሲናፓቲ ራሷ መጣች።

ሲናፓቲ ወደ ረግረጉ ጫፍ ወርዳ አታውቅም። ጃንጥላዋን አጥፋ ምድጃው አጠገብ ቆመች፤ ሞኤላንጊ የዘረጋችላትን ሰሌን አየችው እንጂ አልተቀመጠችበትም።

«በሱቅ የሚወራውን ሰምቻለሁ፣» አለች። «እውነት ከሆነ ከአፍሽ ልስማው። የባለቤቴን ስኳር ትቀንሺያለሽ?»

«እቀንሳለሁ፣ እሜቴ።»

ሞኤላንጊ ወደ ልጇ ዞረች። ለእርሷም አልተነገራትም ነበር።

«ስንት?»

«ከሃያው አሥራ ስድስት።»

ሲናፓቲ ዐይኗን ጨፈነች። «ለዐሣማ የሚሰጥ እንኳ በዚህ መንደር አይቀነስም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ከአፒያ ቀሳውስት በመጡ ቁጥር፣ ያንቺን ዳቦ ነው የማቀርበው። አሁን ሰው ሁሉ ምን ይላል? ለፓስተራቸው የድሃ ዳቦ ያበላሉ ይላል።»

«ጣዕሙ ጎድሎብዎት ነበር፣ እሜቴ?»

ሲናፓቲ ጃንጥላዋን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። ሞኤላንጊ ከተቀመጠችበት፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣ «ባለፈው እሑድ እሜቴ ሦስት ሲያነሡ አይቻለሁ፤ ዐይኔ ይሆናል» አለች።

«ሞኤላንጊ፣ አንቺን አልጠየቅሁም።» ከዚያ ወደ ፊሌሙ ተጠጋች፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ይበልጥ ከበደ። «ልጄ ደብዳቤ እንደሚጽፍልሽ የማላውቅ መሰለሽ? አውቃለሁ። ዘመዶቼ ከፓስተር ቤት፣ ከባለማዕረግ ቤት ካልሆነ አያገባም ሲሉ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። መሬት ባይኖራቸው እጃቸው ቸር ነው ብዬ ነው። አሁን እሱም ከሌለ ምን ቀራችሁ?»

ፊሌሙ አንገቷን ቀና እንዳደረገች ቆየች።

«እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ጣሪያ ምረቃ መንደሩ ሁሉ እኛ ቤት ይበላል፣» አለች ሲናፓቲ። «እዚያ፣ በሁሉ ፊት፣ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ዳቦውንም እንደ ድሮው አድርገሽ ታመጫለሽ። ካልሆነ የቤቴን ደጅ እርሺው፤ የልጄንም መንገድ እንዲሁ።»

ስትሄድ ጃንጥላዋን መክፈት ረሳች። ፊሌሙ ከኋላዋ እያየች፣ ይህች ሴት የምትቆጣው ስለተዋረደች ብቻ ሳይሆን ምስጢሩ እንዳይወጣ ስለፈራችም መሆኑ ገባት። አንድ ዐረፍተ ነገር ብትናገር ቁጣው ሁሉ ይተን ነበር። ግን ያ ዐረፍተ ነገር የአንድ ሽማግሌ እንጀራና ጣሪያ ነው፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

«ሁለት ወር ሙሉ በላሁት፣» አለች ሞኤላንጊ። «የገዛ ዳቦዬን። እናትሽ ነኝ፣ አላወቅሁም።»

«ተቆጣሽ፣ እማ?»

«ልቆጣ ነበር። እጄን ሰረቀችኝ ልል ነበር።» የተኮማተሩ ጣቶቿን ምድጃው ላይ አሞቀች። «ምክንያት አለሽ። አትንገሪኝ፤ ብትነግሪኝ ፉአቲኖ ከኔ ታወጣዋለች። ግን ዱቄቱን ከየት አመጣሽው?»

«የጓሯችን ዛፍ ነው፣ እማ። ፍሬው ወድቆ ሲበሰብስ የምትራገሚው።»

ሞኤላንጊ ሳቀች፤ ሳቋ ትከሻዋን አንቀጠቀጠው። ፊሌሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያውቅላት ሰው አጠገብ እንደተቀመጠች ተሰማት፤ ሳታስበው ዐይኗ እንባ ሞላ።

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ። አጭር ነበር።

«እናቴ ሁሉንም ጽፋልኛለች። ለምን እንዳደረግሽው ወዲያው ገብቶኛል፤ ከገባኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ግን ይቅርታ ጠይቂያት። አንድ ቃል ነው። ለእኔ ስትዪ።»

ፊሌሙ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳይገባው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ገብቶት መሆኑ ነው ያልተቻላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጀልባ ወርዶ በቀጥታ ወደ ምድጃው መጣ። ሸሚዙ በባሕር ጨው ደርቋል። ፊሌሙ ክንዷ ድረስ ሊጥ ውስጥ ነበረች፤ ቀና አላለችም።

«ደብዳቤዬ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። ነጂውም ጽሑፍህ ያምራል ብሎሃል።»

«ፊሌሙ።»

«ቁም ነገር ካለህ ተናገር። ሊጡ አይጠብቅም።»

ቁጭ ብሎ ዝቅ ብሎ ሊያያት ሞከረ። «እናቴን አታውቂያትም። መሐላዬን ማፍረሴን ካወቀች እኔና እሷ አንድ ቤት አንገባም። ይቅርታ ማለት ምን ያጎድልብሻል? እኔና አንቺ እውነቱን እናውቀዋለን። ያ አይበቃም?»

«ለአንተ አንድ ቃል ነው፣» አለች። «ለእኔ ስሜ ነው። ማዕረግ የለንም፣ መሬት የለንም። እናቴ በዚህ መንደር ሃያ ዓመት ቀና ብላ የሄደችው እጇ ስለማይሰስት ነው። ነገ ተነሥቼ አዎ ሰስቻለሁ ብል፣ የምሰድበው እርሷን ነው።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገርሻትም? እዚሁ፣ ሰኞ ዕለት?»

አሁን ቀና አለች። «ምስጢሩ የእኔ ስላልሆነ። አደራ ብለህ ነው የሰጠኸኝ። እኔ የአንተን አደራ እንዲህ ስጠብቅ፣ አንተ የእኔን ስም አሳልፈህ ትሰጣለህ።»

ላፋኤሌ ከሸሚዙ እጅጌ ላይ የደረቀውን ጨው አራገፈ።

«አባትህን ከሃያ ማንኪያ ወደ አራት ለማውረድ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣» አለች። «አንተ እናትህ ፊት ለመቆም ስንት ዓመት ይፈጅብሃል? ልኩን ንገረኝና ልጠብቅህ ወይም ልተውህ።»

ተነሣ። በረግረጉ መንገድ ሄደ። ፊሌሙ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ቆየች። ባትወደው ኖሮ እንዲህ ከባድ ቃል አታወጣም ነበር ብሎ የሚነግረው ሰው ቢኖር ብላ ተመኘች፤ ተመልሳ ደግሞ ማንም እንዳይነግረው ተመኘች።

እሑድ የፓስተሩ ትልቅ ቤት፣ ግድግዳ የሌለው፣ በምሰሶ ብቻ የቆመው፣ ዙሪያውን በሰው ተሞላ። የመንደሩ አለቆችና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በየምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። በላይኛው በኩል ፓስተር ኡኤሌሴ፣ አጠገቡ ሲናፓቲ፣ ከእርሷ ቀጥሎ ላፋኤሌ። ፓስተሩ ፊቱ ከስቶ ነበር፤ በዚያ ሙቀት የተሸፈነ ጫማ ያደረገ ሰው ከእርሱ በቀር አልነበረም። ምግቡ በሙዝ ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፤ እርሱ ሳይቀምስ ግን ማንም እጁን አይዘረጋም።

ፊሌሙ ትሪዋን ይዛ ከታችኛው ጫፍ ገባች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። እናቷ ከበስተኋላዋ ናት። ሲናፓቲ በዐይኗ ስትጠራት፣ መሀል ድረስ ሄዳ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ ትሪውንም ከፊቷ አደረገች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ይህን ለማየት ያልመጣ አልነበረም።

«እሜቴ ሲናፓቲ፣» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጠርቶ ወጣ። «የቤትዎን ዳቦ ሳላስፈቅድዎ ለውጫለሁ። ስላላስፈቀድኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሲናፓቲ ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ተቀብላለች ማለት ነው። ፊሌሙ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ስለ ዳቦው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም ያመጣሁት ያንኑ ነው። አራት ማንኪያ ነው። በሕይወቴ የጋገርኩት ሁሉ ቢሰበሰብ፣ የምኮራበት ይህ ነው።»

ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተነሣ። «ምን ያለችው ደፋር ናት» ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲናፓቲ ፊቷ ደም መሰለ።

«ለምን?» አለች። «ለምን አደረግሽው? ለሁሉ ንገሪ እንጂ። ከፓስተርሽ አፍ ስኳር የቀነስሽው ለምንድን ነው?»

ፊሌሙ አየቻት። ከዚያ ሳታስበው ዐይኗ ወደ ላፋኤሌ ሄደ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይለምን፣ ሳይወቅስ፤ ወዲያውም ተመለሰ።

«መልሱ የእኔ አይደለም፣ እሜቴ።»

«ስኳሩንስ የት አደረስሽው?» አለች ፉአቲኖ ከኋላ። «እሱም ያንቺ አይደለም?»

አንዳንዶች ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ላፋኤሌ ተነሣ። ፓስተርና አለቆች በተቀመጡበት መቆም ነውር ነው፤ ስለዚህ ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«መልሱ የእኔ ነው፣» አለ። «የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ላፋኤሌ፣ ተቀመጥ።» ሲናፓቲ ወደ እርሱ አልዞረችም።

«አልቀመጥም፣ እማዬ። ዝም በል ብለሽ አስምለሽኝ ነበር፤ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለአንድ ሰው ነገርኩ። እሷ ግን ዝም አለች። ስሟ በየሱቁ ሲጎተት ዝም አለች። አንቺ ቤቷ ድረስ ሄደሽ ስትሰድቢያት ዝም አለች። እኔም ትናንት ሄጄ ይቅርታ በዪ ብያታለሁ።» ወደ ፊሌሙ ዞረ። «ከሁሉ በላይ ያፈርኩት በዚያ ነው።»

«ምንድን ነው የነገርካት?» አሉ አንድ አለቃ።

ላፋኤሌ አባቱን አየ። እዚህ ላይ ደግሞ ምስጢሩ የእርሱም አልነበረም።

ፓስተር ኡኤሌሴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጫማውን እያየ ይሰማ ነበር። አሁን እጁን ወደ ፊሌሙ ዘረጋ። «እስቲ ትሪውን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

አመጣችለት። አንድ ዳቦ አንሥቶ ቆረሰ፤ ሽታውን ሳበ፤ በላ። ቀስ ብሎ፣ እስኪያልቅ በላ። ሁሉ ያየዋል።

«ፉአቲኖ፣» አለ እጁን እየጠረገ፣ «ስኳሩ የት ደረሰ ብለሽ ጠይቀሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትሪው ላይ ግን አትፈልጊው።» ደረቱን በእጁ ነካ። «ስኳር ያለበት ዳቦው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሲናፓቲ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ፣» አለ ፓስተሩ። «ባለቤቴ የደበቀችው ለእኔ ብላ ነው፤ የፈቀድኩላትም እኔ ነኝ። ፓስተር እንዴት በሆዱ ይታመማል ብዬ አፍሬ ነው። በዚህ ሁለት ወር ሐኪሙ ደሜን ሲለካ ምን አደረግህ ይለኝ ጀመር። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ጸሎቱም ያው ነው፤ ምን እንደተለወጠ አላወቅሁም ነበር። አሁን አወቅሁ።» ፊሌሙን አየ። «እያንዳንዳችሁ በየሳምንቱ ከሁሉ ጣፋጩን አምጥታችሁልኛል፤ ፍቅራችሁ ነው፤ አልረሳውም። ይህች ልጅ ግን እንድኖር ፈልጋ ነው የጋገረችው። ከዚህ በኋላ በሽተኛ ፓስተር አንፈልግም ካላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ናቸው፤ ተነጋገሩ። እኔ ግን ዳቦዬን እየበላሁ እጠብቃችኋለሁ።»

ሁለተኛ ዳቦ አነሣ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት፣ ለማንም እንደማታወራ ሁሉ፣ «የኔም ሰውዬ አለበት» አለች። «ዐይኑ ሊጠፋ ነው። ለማን ይነገራል?»

«እኔም አለብኝ፣» አለ አንድ ድምፅ ከወንዶቹ በኩል።

«እህቴም።»

«እኔም ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ኑዛዜው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድም ደረሰ። ከአራቱ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን አነሡ። በመጨረሻ ፉአቲኖ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «እኔስ ብሆን፤ ስኳር እየሸጥኩ ስኳር አለብኝ ማለት እንዴት ይቻለኛል?» ስትል ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ወጣ። ትሪው ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ጀመረ።

ሲናፓቲ እንባዋን ጠረገች። ኩሩ ሴት ናት፤ ተነሥታ ወደ ፊሌሙ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ በአንድ ሰሌን ላይ።

«በየሳምንቱ ስንት ስንት ማንኪያ ነው የቀነስሽው?»

«ሁለት ሁለት፣ እሜቴ።»

«እኔ ደግሞ ለእንግዳ ሁሉ የሞኤላንጊ እጅ እንደ ድሮው ነው እያልኩ ሳስቀምስ ከረምኩ።»

«እንደ ድሮው ነው፣» አለች ሞኤላንጊ ከኋላ። «እጄን ያወረስኳት እኔ ነኝ፤ ጭንቅላቱ ብቻ የራሷ ነው።»

ሲናፓቲ ሳቀች፤ ከዚያ የፊሌሙን ክንድ ያዘችና አጥብቃ ቆየች። «የማንኪያውን ልክ ታሳዪኛለሽ፣» አለች። «ባሌን ሌላ ሰው እየመገበው ሊኖር ነው እንዴ?» ይቅርታ አላለችም። ክንዷ ላይ የቀረው የጣቶቿ ሙቀት ግን ፊሌሙን ከቃል በላይ ነገራት።

ተበልቶ ሲያበቃ ወጣት ወንዶች ገበቴ ውሃና ፎጣ ይዘው እጅ ለማስታጠብ ይነሣሉ። ተራው የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ፓስተሩ፣ ከዚያ አለቆቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። የጋገሩና ያበሰሉ ሴቶች ወጥተው ለራሳቸው ይታጠባሉ። የፓስተር ልጅ ደግሞ ገበቴ አይይዝም።

ላፋኤሌ ከአንዱ እጅ ገበቴውን ተቀበለ። ከአባቱ ጀመረ። ከዚያ አለቆቹን አልፎ፣ ሽማግሌዎቹን አልፎ፣ ወደ ታችኛው ጫፍ መጣ። ሰው ሁሉ እያየ ፊሌሙ ፊት ተንበረከከ፤ ፎጣውን ክንዱ ላይ አደረገ፤ ገበቴውን ዘረጋ።

«እጅሽን፣» አለ።

ፊሌሙ እጇን አልሰጠችውም። ጭኗ ላይ እንዳለ አቆየችው፤ ጥፍሮቿ ሥር የጠዋቱ ዱቄት ገና አልወጣም። አየችው። ዐይኑ ቀልቷል፤ ግን ዝቅ አላለም። እንዲህ ሳይሸሽ አይቷት አያውቅም።

«ሰው እያየህ ነው፣» አለች።

«እንዲያይ ነው።»

«አለቆቹን ዘለልክ።»

«ይቀጡኛል። የሚገባኝ ነው።»

ገበቴው በክንዱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ውሃው ዳር ዳሩን መታ። «ክንዴ ደከመ፣ ፊሌሙ፣» አለ በሹክሹክታ።

«ስምንት ሳምንት ማንኪያ ስቆጥር የእኔም ደክሞ ነበር።»

ከጀርባዋ እናቷ በአፍንጫዋ ስትስቅ ሰማች። ላፋኤሌ ግን አልሳቀም፤ ገበቴውንም አላወረደም። ፊሌሙ ጥቂት አስጠበቀችው፤ ምን ያህል እንደሚጠብቃት ማወቅ ፈልጋ ነው። ሲጠብቃት አየች። ያኔ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ሁለት እጆቿን ውሃው ውስጥ አስገባች።